ፋናዬ እስክትጠራ

ተረት ተረት። የዚህ ተረት በረት ግን የላም አይደለም፤ የወንበር ነው። በአንድ የነርሲንግ ኮሌጅ የምረቃ ቀን ዋናው አዳራሽ ለተመራቂዎችና ለክቡራን እንግዶች ብቻ በቃ። ወላጆች ከግቢው ማዶ፣ ተማሪ ምግብ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ስክሪን ፊት ተደረደሩ። ተገቢ ነው፤ ክቡር እንግዳ የሰው ልጅ ሲመረቅ በቅርብ ካላየ ክብሩ በምን ይታወቃል?

እማማ ወርቅያንጥፉ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸው ፋናዬ ስሟ ተጠርቶ መድረክ ስትወጣ ፊቷን ማየት። ዓመት ሙሉ አላዩዋትም፤ ጠዋት ሲደርሱም የአዳራሹ በር ተዘግቶ ነበር። ድምፁ በማጉያ ይመጣል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

«አሁን ይመጣል እማማ» አላቸው ልሳነወርቅ፣ የኮሌጁ የኔትወርክ ሠራተኛ። ለዲኑ «ይሠራል» ብሎ ቃል የገባው እሱ ነውና ከትናንት ወዲህ መቀመጥ አልሆነለትም።

«ድምፁንማ ሬዲዮም ያሰማኛል፣ ልጄ። እኔ ያረገዝኩት ድምፅ አይደለም።»

ስም የሚጠራው በፊደል ተራ ነው። «ሀና» አለ ማጉያው። ፋናዬ ያለችው ከፊደሉ ጅራት ላይ ነው። ልሳነወርቅ ፊደል እየቆጠረ ሮጠ።

ምስሉ ከካሜራው ተነሥቶ በገመድ ግቢውን ያቋርጣል፤ መሃል ላይ ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት፣ ስዊች የሚሉት ሳጥን አለ። አሮጌ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቢሮ ደብዳቤ ሲያመላልስ ኖሮ ዛሬ የሚንቀሳቀስ ሰው ሲጭኑበት ተንተባተበ፣ ከዚያም ዝም አለ። ትናንት በባዶ መድረክ ሲሞከር ሠርቶ ነበር፤ ባዶ ነገር ማሳየት ለማንም አይከብድም። ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ሳጥኑ አልሸከምም አለ፤ እማማም ፋናዬን አላዩም።

አዲስ ሳጥን አለ። ሁለት ዓመት ከነካርቶኑ እስቶር ውስጥ ተቀምጧል።

«አቶ ጎሹ፣ ያቺን ስዊች ይስጡኝ።»

«አለች፤ በጣም ደህና ናት» አሉ እስቶር ኃላፊው፣ ስለ አራስ ዘመድ እንደተጠየቀ ሰው። «የዕቃ ማውጫ ሞዴል አስፈርመሃል?»

«ልጆቹ እየተጠሩ ነው እኮ።»

«ይጠሩ። እኔም ኦዲት ሲመጣ እጠራለሁ።»

«መቅደላ» አለ ማጉያው። ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ሳጥኑ አልሸከምም አለ፤ ጎሹ አላወጣም አሉ፤ እማማም ፋናዬን አላዩም።

ልሳነወርቅ ሞዴሉን ይዞ ወደ ንብረት አስተዳደሯ፣ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ሮጠ።

«የዲኑ ደብዳቤስ?» አሉ እስክሪብቶአቸውን ሳይከፍቱ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ደብዳቤው ነገ ይደርሳል። ዛሬ ፊርማው ይቅደም።»

«ክርስትና ከምጥ ሲቀድም አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም። እውነታቸውን ነው። «ተናኘ» አለ ማጉያው። ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ሳጥኑ አልሸከምም አለ፤ ጎሹ አላወጣም አሉ፤ ደብሪቱ አልፈርምም አሉ፤ እማማም ፋናዬን አላዩም።

የዲኑ ጸሐፊ አዘነችለትና ሦስት መስመር ጻፈችለት። ዲኑ መድረክ ላይ እጅ እየጨበጡ ነበርና «ስለ» ብላ ፈረመችበት። ማህተም ግን የለውም፤ ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ አፍ የሌለው ሽማግሌ ነው። ማህተሙ ያለው በመዝገብ ቤቱ በአቶ ባዩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ በአቶ ባዩ ኪስ ነው፤ አቶ ባዩስ? ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከጥቁሩ ስክሪን ፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ። የእሳቸውም ልጅ ጽጌ ትመረቃለች።

«አቶ ባዩ፣ አንዴ ማህተሙን።»

«ወንድሜ፣ ይህን ወንበር የያዝኩት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ነው። ብነሣ ማን ይመልስልኛል? ምስሉ ይምጣ፣ ልጄን ጽጌን ልይ፣ ከዚያ አሥር ጊዜ እመታልሃለሁ።»

«ምስሉ የሚመጣው እኮ ማህተሙ ሲመታ ነው። ቁልፉን እንኳ ይስጡኝ።»

«የመንግሥት ማህተም ከእጅ እጅ አይዞርም።»

«ዮዲት» አለ ማጉያው። ስክሪኑ አላሳይም አለ፤ ሳጥኑ አልሸከምም አለ፤ ጎሹ አላወጣም አሉ፤ ደብሪቱ አልፈርምም አሉ፤ ደብዳቤው አልናገርም አለ፤ ማህተሙ አልወጣም አለ፤ ባዩ አልነሣም አሉ። ባዩ የማይነሡት ስክሪኑ አላሳይም ስላለ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያምራል፤ መግቢያም መውጫም የለው፣ ሌባ እንኳ አያገኝበትም።

እማማ ወርቅያንጥፉ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ሁሉንም ሰምተዋል። ሰው እየገፉ መጡ።

«ይኼ ሰውዬ የፈራው ምንድን ነው?»

«ወንበሩን ነው፣ እማማ።»

«ወንበር?» ወደ አቶ ባዩ ዞሩ። «ተነሥ አንተ። እኔ እቀመጥበታለሁ። ከሥሬ ወንበር የሚወስድ ካለ ይምጣ።»

«ስመለስ ይለቁልኛል?»

«ያንተ ጽጌ ከኔ ፋናዬ በፊት አይደለች የምትጠራው? ጽጌ ስትጠራ አንተ ትቀመጣለህ፣ ፋናዬ ስትጠራ እኔ።»

አቶ ባዩ አሰቡ፤ በመዝገብ ቤት ሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ግልጽ ውል አላጋጠማቸውም።

ባዩ ተነሡ። ማህተሙ ወጣ፤ ደብዳቤው ተናገረ፤ ደብሪቱ ፈረሙ፤ ጎሹ ካርቶኑን አቧራውን አራግፈው፣ ልጅ እንደሚድር አባት እስከ በሩ ሸኝተው አወጡ። «ደስታ» አለ ማጉያው። ልሳነወርቅ ገመዶቹን እየነቀለ ሰካ። «ገበያነሽ» አለ ማጉያው። አንዱን ገመድ ተሳስቶ እንደገና ነቀለ። «ጠጅቱ» አለ ማጉያው። ሳጥኑ አረንጓዴ ብልጭ፣ ብልጭ አለ፤ ሳጥኑ ተሸከመ፤ ስክሪኑ አሳየ።

«ጽጌ ባዩ።» እማማ ተነሡ፤ አቶ ባዩ ተቀመጡ፤ ልጃቸውን አዩ፤ መሐረባቸውን አወጡ። ማንም ሳይነግራቸው ተነሡ፤ እማማ ተቀመጡ።

«ፋናዬ» አለ ማጉያው። ፊቷ ግድግዳውን አክሎ መጣ።

ልሳነወርቅ ስክሪኑን አላየም፤ እማማን አየ። ይመርቁኛል ብሎ ጎንበስ አለ። እሳቸው አንገታቸውን አስግገው ልጅቷ ከመድረክ እስክትወርድ አዩ።

«ከስታለች» አሉ። ቀና ብለው የምግብ ቤቱን ማዕድ ማቅረቢያ መስኮት ገላመጡ። «እዚህ ቤት ምን ሲያበሏት ነው የኖሩት?»