ጣሳውን ማን ይምረጥ?

አንድ የገበያን ነገር ጠንቅቆ የተማረ መርዕድ የሚባል ሊቅ ነበረ። “ገበያ ራሱን ይዳኛል፤ አትንኩት” እያለ ሲያስተምር ነጋዴው ሁሉ እጅ ይነሳዋል። ትልቁ የእህል ነጋዴ ባሻ ድንቁ ደግሞ ወዳጁ ሆኖ በየበዓሉ ሙክት ይሰድለታል። ሊቁ ግን ገበያ ወርዶ አያውቅም። የተማረ ሰው አይደል፣ ምስሩን የሚገዛለት አሽከሩ ነው!

ሕዝቡ “በስፍር ተበደልን” ብሎ ቢጮህ ንጉሡ መርዕድን አስጠሩትና ካባ ደረቡለት።

“ገበያውን አውቀዋለሁ ትላለህ፤ በል ጠብቀው። እስከ ቅዳሜ ጩኸቱ ካልቆመ ካባዬን መልስ፤ ሊቅ መባልህንም እዚያው ተወው” አሉት።

መርዕድ ረቡዕ ገበያ ወረደ። ባሻ ድንቁ ከገበሬው የሚገዛው ብዙ በሚይዝ ሆዳም ጣሳ፣ ለሕዝቡ የሚሸጠው ቂጡ ወደ ውስጥ በተቀጠቀጠ ጣሳ ነው። ሌሎቹም እንደዚያው።

“ባሻ፣ ይሄን ጣሳ ምን ነካው?”

“ወድቆ ነው ጌታዬ።”

ምስር ልትገዛ የቆመች የሺመቤት የምትባል ሴት፣ “አዬ ጌታው! የሱ ጣሳ የሚወድቀው ሲሸጥ ብቻ ነው። ሲገዛማ ምን የመሰለ ጤነኛ ነው!” ብትል ገበያው በሳቅ አውካካ። መርዕድ አፈረ፤ ቀጥሎ ግን እሱም ሳቀ።

ባሻ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ “የበላኸው ሙክት የመጣው ከዚህችው ጣሳ ነው፤ እወቅ” አለው።

ይሄኔ መርዕድ ድንጋይ ላይ ወጣ። “እስካሁን ሳላይ ነው ያስተማርኩት። ማንንም አልገርፍም፣ ጣሳም አልሰብርም። ነጋዴ ዋጋውን ይናገር፤ ጣሳውን ግን ሲሸጥ ገዢው፣ ሲገዛ ገበሬው ይምረጥለት!”

የሺመቤት ሆዳሙን ጣሳ ብድግ፤ ገበሬውም የተቀጠቀጠውን ላፍ! ባሻ ሲገዛም ሲሸጥም ከሰረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጋዴው ሁሉ ጣሳውን ታቅፎ ሊያስተካክል ቀጥቃጩ ደጅ ተሰለፈ። ከሁሉ ፊት ባሻ ቆሞ፣ “ቶሎ በል እንጂ አንተ! ልታደኸየኝ ነው?” ይላል።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያው የተሰማው ሳቅ ብቻ ነበር። ካባውም መርዕድ ትከሻ ላይ ቀረ። በዓል ሲደርስ ባሻ እንደ ልማዱ ሙክት እየጎተተ መጣ።

“ሙክቱን መልሰህ እሰር። አንተ ግን ግባ፤ ምስር ራሴ ገዝቼ አሠርቻለሁ” አለው መርዕድ። ባሻም እየሳቀ ገባ።

ወገኖቼ፣ ሰው ወርዶ ያላየውን ሲያስተምር ዕውቀቱ ያው ቂጡ የገባ ጣሳ ነው። የተሾመ ሰውም ዱላ ከማንሳቱ በፊት ምርጫውን ለተበደለው ይስጥ። እናንተስ፣ ስትሰጡና ስትቀበሉ ጣሳችሁ አንድ ነው?