የጓሮው የገል ክምር

ስሚማ የኔ ማር፣ ላንቺ ካላወራሁ ለማን ላወራ! እኛ ቤት ሰው አንድ ነገር አቃሎ ሲጥል አሮጊቶቹ ቀና ብለው የሚሏት ተረት አለች። ሁሉም ይላታል፣ ከማን አፍ እንደወጣች ግን የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ። ነገሩ የደረሰው በራሴ ቅድመ አያት፣ በእምዬ ያየሽ ላይ ነዋ! ደረቴን ነፍቼ ነው የማወራሽ፣ ቻይኝ።

እምዬ ያየሽ ያኔ ገና ልጃገረድ ናት፤ ከጎንደር ወጣ ባለች የቤተ እስራኤል መንደር ውስጥ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናትየው ስትሞት ያየሽና ታላቅ ወንድሟ አዛናው ውርስ ሊካፈሉ ሽማግሌ ተሰበሰበ። መምህር ባይህም ነበረ፤ ዕብራይስጥ ተምሮ መጥቶ የመንደሩን ልጆች የሚያስተምረው።

አዛናው ደግሞ በሰው ፊት አዋቂ መምሰል ይወዳል። «መምህር፣ ሀብት በመጽሐፉ፣ በዕብራይስጡ፣ ምን ይባላል?» አለ።

«በስንት ስም! ሚቅኔ ሲል ከብት ነው፤ አብርሃም የበለጸገበት። ንኻሲም ሲል ንብረት ነው፤ ሰሎሞን ጥበብ ለምኖ ሳይለምን የተጨመረለት። ሆን ሲል ጥሪት ነው፤ በቁጣ ቀን አይረባም የተባለው። ኻይል ሲል ግን...»

«በቃ በቃ! በሬውና ላሚቱ ሚቅኔ፣ የኔ። የቤቱ ዕቃ ንኻሲም፣ የኔ። ጎተራው ሆን፣ እሱም የኔ። ታላቅ አይደለሁ እንዴ?»

«አላስጨረስከኝም እኮ» አለ መምህር ባይህ። «ኻይል ሀብትም ነው፣ ብርታትም ነው፣ ሙያም ነው። ሩት በሰው አገር ቃርሚያ ስትለቅም፣ አንዲት ጥጃ ሳይኖራት፣ ቦዔዝ ‹ኤሼት ኻይል› ነው ያላት። የኻይል ሴት እንደማለት።»

«እንግዲያው እሱን ለያየሽ ስጧት!» አዛናው ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፣ አይ እነሱ!

ያየሽ ግን አልሳቀችም። «የእናቴን ጎጆና ጓሮዋ ያለውን የገል ክምር ስጡኝ» አለች። ገል ታውቂ የለ? የተሰበረ ሸክላ ስብርባሪ። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ አንዲት ስባሪ ሳትጥል ያጠራቀመችው ነው።

«ቆሻሻውን? እንኪ፣ ሙሉውን! ጎጆዋ ግን በውል ነው። እስከ ስግድ በዓል ድረስ ከኔ አንድ ነገር ከለመንሽ ጎጆዋን ትለቂና ቤቴ ገብተሽ ለሚስቴ ትፈጫለሽ።»

«እሺ። አንተስ ከኔ ከለመንክ?»

«እኔ? ካንቺ? ኧረ ላሚቱን ንጂያት!»

ሽማግሌዎቹ ሰሙ። አለቀ።

ከዚያልሽ ያየሽ ምን ታደርጋለች፣ ገሉን ወቅጣ፣ ፈጭታ፣ ነፍታ ከጭቃው ጋር ትለውሳለች። አንዴ እሳት ያየ ገል አዲሱን ጭቃ እሳት እንዲችል ያደርገዋል፤ ይሄን እናቷ ናት ያሳየቻት። መጀመሪያ ላይ ጦሟን ያደረችበት ቀን ነበረ፣ ግን አልለመነችም። ቀስ በቀስ ገንቦዎቿ ገበያ ላይ እንደወረዱ የሚያልቁ ሆኑ።

አዛናውስ? የእናቱን ሸክላ ግማሹን ሸጠ፣ ግማሹን ልጆቹ ሰበሩት። ይሄኔ ሚስቱን «አንቺም ሥሪ!» አላት። ምስኪን፣ እሷ የሸማኔ ልጅ ናት። ያየሽ ከምትቆፍርበት ጉድጓድ ጭቃ ቆፍራ፣ የሚያማምሩ ገንቦዎች ሠርታ እሳት ላይ ስታደርጋቸው፣ ጧ! ጧ! አንድም አልተረፈ። ጭቃውን ብቻውን ነበራ የሠራችው!

የስግድ ዋዜማ ደረሰ። አዛናው ቤት የሚስቱ ዘመዶች ከሩቅ መጥተዋል፤ ውሃ የሚቀዳበት የለም። ሮጦ ያየሽ ጋ መጣ። ያየሽ ሁሉንም ገበያ ላይ ሸጣ የቀረቻት የራሷ ውሃ መቅጃ ብቻ ናት። ጓደኛዋ ብርቄም አብራት ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ በሞቴ፣ ያቺን ገንቦ አውሺኝ። በእንግዶች ፊት አታዋርጂኝ!»

ያየሽ ብድግ ብላ ገንቦዋን ሰጠችው። ሳትሰድበው፣ ሳትስቅበት! እኔ ብሆን እኮ... ተይው። «እንካ ወንድሜ፣ እንግዳ አይጠማ። ጎጆዋ የኔ ናት፤ ላሚቱን ደግሞ ከበዓሉ ማግስት አምጣልኝ» አለችው።

የዚያች ላም ዘር እናቴ እስክትወለድ ድረስ ቤታችን ነበረ። መምህር ባይህም ከዚያ ወዲህ ያየሽን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ኤሼት ኻይል፣ እንደምን አደርሽ» ነው የሚላት። የዚህች ሴት ዘር ነኝ እኔ፣ ገባሽ?

ያን ዕለት ግን አዛናው ገንቦዋን እንዳቀፈ የጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆመ። «ብርቄ፣ አንቺ ፍረጂ እስቲ! ለአንዲት ገንቦ ላም ይሰጣል?»

ብርቄም የመለሰችለት፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ይሄ ነው፦ «ገል የናቀ፣ ገንቦ ናፈቀ።»