እንየው ሚስቱን ሊያመጣ ፈረስ የገራ ጊዜ

መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን አባባል ሰው ሁሉ የጦር ሜዳ ያደርገዋል። ስብሰባ ላይ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፣ ለቅሶ ላይ ሲጠቀስ ሰምቻለሁ፤ የሚናገረውም የሚሰማውም ጦርና ጋሻ ነው የሚታየው። እኔ ከአያቴ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። አያቴ ደግሞ ወሬ መጨመር የማይወዱ፣ እንዲያውም ከነበረው የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እሳቸው እንዳሉኝ ከሆነ በዚያ ቀን ጦር የያዘ አልነበረም። የነበሩት አንድ ባል፣ አንዲት ያኮረፈች ሚስት፣ ፈረስ የሚወዱ አማትና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ፈረሱም ነበረ።

ነገሩ የሆነው በአዊ ደጋ ነው፤ ሌላው አገር በሬ ሲጠምድ እዚያ በፈረስም ይታረሳል። የሚጋለበው ፈረስ ለብቻው ነው፣ የሚያርሰውም ለብቻው። የሚጋለበው ግላስ ለብሶ፣ ገብስ ተሰፍሮለት ይኖራል። የሚያርሰው ግን ሲያርስ ያረጃል፤ ጀርባው ላይ ዝንብ እንጂ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

እንየው የሚባል ገበሬ ነበር። ሥራ ወዳድ፣ ሰው የማይነካ፣ ግን አፍ የሌለው። አፍ የሌለው ስላችሁ ዲዳ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከከብት ጋር ሲሆንማ ወሬው አያልቅም። ሰው ፊት ሲቆም ነው ምላሱ የሚታሰረው። ሚስቱ አንጓች ትባላለች፣ የግራዝማች አለኸኝ ልጅ ናት። ብዙ ዓመት በፍቅር ኖረዋል፤ ልጅ ግን እግዜር አልሰጣቸውም።

ከጥምቀት በኋላ ዘመድ ቤት ክርስትና ተጠሩ። አንጓች ሕፃኑን ተቀብላ ታቅፋለች። የእንየው ታላቅ እህት ጠላው ሞቅ አድርጓት ኖሮ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ "አንቺ እንኳ ባትይዢው ይሻላል፤ የመካን እጅ ለሕፃን ደግ አይደለም" አለቻት። ሰው ሁሉ ወደ እንየው ዞረ። እንየው የያዘውን ዋንጫ ያያል። ቀና ይላል ብለው ጠበቁት፤ ቀና ሳይል ቀረ። አንጓች ሕፃኑን ለእናቱ መልሳ፣ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። የሄደችውም ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ አባቷ ነው።

በሳምንቱ አያ ቢሻው ሄደው አነጋገሯት። አያ ቢሻው የሁለቱም ወገን ዘመድ ናቸው፤ ያጋቧቸውም እሳቸው ናቸው።

"አያ፣ ካሣ ይክፈለኝ አላልኩም" አለቻቸው። "በሰው ፊት ስዋረድ ዝም አለ። አሁንም በሰው ፊት ተናግሮ ይውሰደኝ። ሌላ የምለው የለኝም።"

"ምን ብሎ እንዲናገርልሽ ነው የምትፈልጊው?"

"እሱን እኔ ነግሬው ከሆነማ ምን ይጠቅመኛል?"

አባቷ ግራዝማችም ቀን ቆረጡ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ካልመጣ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ከብቱም ይካፈላል አሉ።

አያ ቢሻው ይህን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ለእንየው ነገሩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። ሲጨርሱ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ግራዝማች ደጅ በእግሬ እንዴት አድርጌ እደርሳለሁ?" አለ።

አትፍረዱበት፤ አገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር አማቱ ደጅ በእግሩ የሚመጣ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ግራዝማች ደግሞ ከሰውየው በፊት የመጣበትን ፈረስ የሚያዩ ናቸው፤ እንግዳውን እግዜር ይመስገን ሳይሉ የፈረሱን አፍ ከፍተው ጥርስ ያያሉ እየተባሉ ይታማሉ። የእንየው መጋለቢያ ፈረስ በዚያው ዓመት በበሽታ ሞቶበታል። የቀረው ዳማው ነው። ዳማው የእርሻ ፈረስ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀንበር እንጂ ኮርቻ የማያውቅ፣ እርጅናም የጀመረው።

"የኔን በቅሎ ውሰድ" አሉት አያ ቢሻው።

"በተውሶ በቅሎ ሄጄ ነው ሚስቴን የማመጣው? አንጓችስ ምን ትለኛለች?"

"አንጓች ስለ በቅሎ ያለችው ነገር የለም።"

"ግድ የለም አያ፣ ዳማውን እገራዋለሁ።"

ያረጀ ፈረስ ይገራል ብሎ የተነሳ ሰው በዚያ አገር አልታየም። ፈረስ ገና በውርንጭላነቱ ነው የሚገራው፤ እልኸኛ ከሆነ በኋላ ማን ይነካዋል። እንየው ግን ጀመረ። መጀመሪያ ባዶ ጆንያ ጀርባው ላይ ጣል አደረገበት። ዳማው ዞር ብሎ አየና አራገፈው። እንየው አንስቶ መልሶ ጣለበት። አራገፈው። እንዲህ ሲባባሉ ከርመው ቀድሞ የሰለቸው ፈረሱ ነው። ቀጥሎ ጆንያው ውስጥ ገብስ ጨመረ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት። ቀጥሎ ባዶ ኮርቻ። ጠፍሩ ሆዱ ላይ ሲጠብቅ ዳማው ይንቀጠቀጣል፤ እንየው ጆሮውን እያሻሸ፣ "አይዞህ የኔ ጌታ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካሃል" ይለዋል። ጎረቤቱ በአጥር በኩል ይህን እየሰማ ይገርመው ነበር።

መከራው የመጣው ሲወጣበት ነው። ፈረሱ አልጣለውም፤ ነገሩ ግራ ገባው እንጂ። ዳማው ዕድሜውን ሙሉ የጌታውን ድምፅ የሚሰማው ከኋላው ነው፤ አሁን ከላይ መጣበት። አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ ጌታውን ይፈልጋል፤ ከኋላው ሲያጣው ንቅንቅ አይልም። በስንት ልመና ሲራመድ ደግሞ አንድ ማሳ ያህል ይሄድና በገዛ ፈቃዱ ዞሮ ይመለሳል። ትልም ያወጣ መስሎታል። እንየው ገበያ ልሂድ ብሎ ተነስቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ደጁ ላይ ሲመላለስ ዋለ። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ አጥር ላይ ተደረደረ።

"እንየው፣ ገበያው እንዴት ውሏል?" ይሉታል።

እንየው አንድ ቀን እንኳ ጅራፍ አላነሳበትም፤ ይህንን ልመሰክርለት ይገባል። ፈረሱ የሚዞርበት ቦታ ሲደርሱ ይወርዳል፤ ከጎኑ ሆኖ አንገቱን አቅፎ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ ይወጣበታል። "ማሳው አልቋል፣ ከዚህ ወዲያ መንገድ ነው፣ አብሬህ ነኝ" እያለ ያስረዳዋል። ምሽት ላይ ቤት ሲገባ ደግሞ ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀው። አንጓች በሌለችበት መደብ ላይ ተቀምጦ ነገ ለፈረሱ የሚያደርገውን ያስባል። ናፍቃዋለች፤ ይህንንም የነገረው ለዳማው ብቻ ነው።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ዳማው የማሳውን ጫፍ አለፈ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ገበያ ደረሰ። አጥር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመለሰ። አያ ቢሻው መጥተው አዩትና ወደዱት።

"ደህና አድርገህ ገራኸው። ግራዝማች ፊት የምትናገረውንስ አስበሃል?"

"ጭንቁ መድረሱ ነው እንጂ አያ፣ ከደረስን በኋላማ እግዜር ያውቃል።"

ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሄዱ፤ አያ ቢሻው በበቅሏቸው፣ እንየው በዳማው። የቀጠሮው መጨረሻ ስለሆነ የግራዝማች ዘመድ አዝማድ ግቢውን ሞልቶታል። ዳማው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንገቱን ሰብሮ፣ ኮሽታ ሳያስበረግገው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። ግራዝማች ከተቀመጡበት ተነሡ። እንደ ልማዳቸው አፉን ከፍተው ጥርሱን አዩ።

"ይኸ ያረሰ ፈረስ አይደለም እንዴ? በዚህ ዕድሜው ኮርቻ ያስለመደው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ግራዝማች።"

"እንዴት አድርገህ?"

እንየው አፉ ተከፈተ። ጆንያውን ነገራቸው፣ ገብሱን ነገራቸው፣ ደጁ ላይ ሲመላለስ መዋሉን ሳይቀር ነገራቸው። ሰው ሳቀለት። ግራዝማችም ደስ ብሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እንየው ያን ያህል ሰው ፊት ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም ነበር። አንጓች በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ትሰማለች።

"በል እንግዲህ፣ ወደ መጣህበት ጉዳይ" አሉ ግራዝማች።

በዚያ አገር ስለ ከብት፣ ስለ መሬት ሽማግሌ ይናገርልሃል፤ የክብር ነገር ሲሆን ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አያ ቢሻው መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። እንየው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"ዳማው..." አለ። "ወንዙን ሲሻገር እንኳ አልፈራም።"

ማንም አልሳቀም። አንጓች ከበሩ ወጥታ ፊቱ መጥታ ቆመች።

"እንየው፣ እየሰማሁህ ነው" አለችው፣ በቀስታ።

እዚህ ላይ ስደርስ እኔ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። አንዲት ቃል ናት የቀረችው። ሴትዮዋ ልትሰማው ወጥታ ቆማለታለች፤ እህቴ በደለችሽ፣ እኔም በደልኩሽ ቢላት ነጠላዋን ለማንሳት እንኳ ወደ ኋላ አትመለስም ነበር። እንየው አያት፤ ዐይኖቹ እንባ አቀረሩ፤ አፉንም ከፈተ።

"ኮርቻው ሰፊ ነው" አላት። "ላንቺም ይመቻል።"

አንጓች ጥቂት ጠበቀችው። የሚጨምረው ነገር እንደሌለ ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

"ፈረሱን ውሃ አጠጡለት" አለች ለቤቱ ሰዎች። "የሚመለስበት መንገድ ሩቅ ነው።" ገብታም በሩን ዘጋችው።

ከብቱ በዚያው ቀን ተካፈለ። ሲጨርሱ እንየው የዳማውን ልጓም ይዞ ከአያ ቢሻው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"አያ፣ ምን ቀረ?" አላቸው። "እንዲህ ደክሜ ገርቼው፣ ሰው ሁሉ አመስግኖት፣ ዳማው ምን አጠፋ?"

አያ ቢሻው በቅሏቸው ላይ ወጥተው ተደላደሉና አዘኑለት።

"ዳማው ምንም አላጠፋም ልጄ፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።"