ከከሰሉ አጠገብ የቀዘቀዘው ፈሳሽ

አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ይህ ሰው ሲያዩት ከዘይት የማይለይ ፈሳሽ ቀመመ። ፈሳሹ እንዲሁ ሲቀመጥ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከአፋችን የሚወጣው ዓይነት የተቃጠለ አየር ሲገባበት ግን ጠባዩ ተለውጦ እንደ ቀለጠ ጨው ይሆናል፤ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ሲያሞቁት አየሩ ይወጣና ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ሊቁም የከተማውን መብራት በዚህ ፈሳሽ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ ብሎ ተነሣ።

ሊቁን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ይርዳው ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ የራሱን ትምህርት ትቶ፣ ምሰሶ እየወጣ የመብራት ሽቦ በመጠገን ታናሹን አስተማረ። በዓለም ላይ ሊቁ ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረውም።

በሙከራው ቀን ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሊቁ ከአንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ፣ የተቆረጠው መስመር ሁለት ጫፎች የተነከሩበትን የፈሳሹን ገንዳ በከሰል ምድጃ አሞቀና ለካው። ፈሳሹ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን አቁሟል። ንፋስ ገብቶ እንዳያቀዘቅዘው መስኮቱን ዘግቶ ወጣ። ሽቦውን በእጁ ይዞ መስመሩ መዘጋቱን ለሕዝቡ ሊያሳይ የነበረው ይርዳው ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ እንደ ልማዱ የብረት ማጥፊያውን ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ ደረሰበት።

“ጋሼ፣ እሱን ተወው። ፈሳሹ ዘግቶታል።”

“ባወርደው ምን ይጎዳል?”

“ሰው ሁሉ እያየ? ወንድሙ እንኳ አላመነውም እንዲሉኝ ነው?”

ይርዳው ሳቅ አለ። “አንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?” አለና እጁን ሰበሰበ።

ከንቲባው ግን ንግግር ጀመሩ፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። በዚህ መሃል ከሰሉ እየከሰመ፣ ፈሳሹም እየቀዘቀዘ ሄደ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ያላሰበው አንድ ነገር ነበር፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣውም ያው የተቃጠለ አየር ነው። መስኮቱ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ታምቆ የቆየውን አየር፣ ፈሳሹ እየቀዘቀዘ መልሶ ጠጣው። ጭብጨባው ሲያበቃ ይርዳው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦውን ያዘ። ወዲያው ወደቀ። ሊቁ ሮጦ ሲያቅፈው ትንፋሽ አልነበረውም።

ከቀብር መልስ ለቀስተኞች፣ “የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?” አሉት።

“እግዜርማ እጁን ወደ ማጥፊያው አስዘርግቶት ነበር” አለ ሊቁ። “ተወው ያልኩት እኔ ነኝ።”

ሊቁ አንድ ቀን ፈሳሹን ደግሞ አሞቀው። ፈሳሹ እንደ ታዘዘ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ። ሊቁ ይህን ሲያይ ገንዳውን ገልብጦ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ፤ በምድር ላይ መመለስ የተሰጠው ለዚያ ፈሳሽ ብቻ መሰለው።

እኛም ቁጣችንን ወይም መጠጣችንን አንድ ቀን በእሳት አስወጥተን “ተውኩት” እንላለን። በዚያች ሰዓት እውነታችንን ነው። ግን ያስወጣነው ነገር ከዚያው ቤት ሳይወጣ፣ ደግመን ሳንለካ፣ የሚወዱንን ሰዎች መጠንቀቂያቸውን እናስጥላቸዋለን። እነሱም ስለሚወዱን ይጥሉታል። ዋጋውን የሚከፍሉትም እነሱ ናቸው።

አንተስ ወዳጄ፣ “አታምነኝም ወይ?” ብለህ እጁን ያስሰበሰብከው ማንን ነው?