ውቤ ደቦ የጠራ ለት

ደቦ ሊጠራ የተነሳ ሰው ከመንደሩ አንዱን ሊዘል ሲል ሽማግሌዎች አንዲት ቃል ጣል ያደርጉበታል፤ ሰውየውም አፍሮ የዘለለውን ሊጠራ ይመለሳል። ቃሏ እንዲያው ከመሬት አልተነሳችም። ያመጣት ውቤ የሚባል ገበሬ ነው።

በዚያ ዓመት የውቤ ጤፍ ያየው ሁሉ የሚመኘው ነበር። ግን ገና በኅዳር ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። ውቤ ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብሎ በየደጁ እየዞረ ለደቦ ጠራ። የስንዱ ደጅ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ስንዱ የምትኖረው ከወንድሟ ከአላምረው ጋር ነው። አላምረው የውቤ እኩያ፣ ጢሙ ሽበት ጣል ያደረገበት ሰው ነው፤ አእምሮው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ነገር ቶሎ አይዝም። ሁለት ነገር ባንዴ ካዘዙት ግራ ይጋባል። ደቦ ላይ ጥቂት ያጭድና ቀና ብሎ፣ «ደከመህ ወይ?» እያለ ከአንዱ አጫጅ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጨዋታ ከጀመረ ማብቂያ የለውም።

«ስንዱ፣» አለ ውቤ፣ «ነገ አላምረው ቤት ይዋልልኝ። አጫጆቼን በወሬ ያዘገይብኛል፤ ሰማዩን እያየሽው ነው። ምሳውን እልክለታለሁ።»

ስንዱ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አላምረው ለካ ከበስተኋላዋ ማጭዱን እየሳለ ነበር። ሰምቷል። ማጭዱን ግድግዳው ላይ ሰቀለና ፊቱን አዞረ። ውቤ የተስማማ መስሎት ሄደ።

በማግሥቱ ውቤ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ቆመ። ሚስቱ አንጓች ጠላውንና ምግቡን አቀራርባ ጨርሳለች። ፀሐይ ወጣች፤ ሰው የለም። ረፈደ፤ ድምፅም የለም።

«ቀኑን አሳስተህ ይሆን የጠራኸው?» አለች አንጓች።

«ኧረ በፍጹም!»

ወደ መንደር ሮጠ። የስንዱ ግቢ በሰው ጢም ብሏል። ውቤ ክው አለ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ሽባባው ከተቀመጠበት ተነሳ። ሽባባው የውቤ ሚዜ የነበረ፣ የልብ ወዳጁ ነው። ማጭዱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል፤ ሌሎቹም እንደዚያው። አላምረው በመካከላቸው ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ሰውስ አልሞተም፤ የሞተው ደቦህ ነው» አለ ሽባባው። «ወዳንተ ስንወጣ አላምረውን ይዘን ልንሄድ ጎራ ብንል፣ ‹ውቤ አይምጣ ብሏል› አለን።»

ውቤ ጆሮውን ማመን አቃተው። «ለአንድ ሰው ብላችሁ የዓመት እህሌ ሊረግፍ ነው? አንተም፣ ሽባባው?»

«እኔም! ዘንድሮ አላምረው አዘገየኝ አልክ። ለከርሞ እግሩን የሚያመውን ወንድሜን ትላለህ፤ ከዚያ እኔም አረጃለሁ። አባትህን ስንቀብር አላምረው አፈር ሲያለብስ፣ ያዘገያል ስትል አልሰማሁህም።»

ውቤን እልህ ያዘው። «ተዉት! እኔና ሚስቴ እንበቃለን!» ብሎ ተመለሰ።

አንጓች ነገሩን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያም የምግቡን መሶብ አንስታ ተሸከመች።

«ወዴት ነው?» አለ ውቤ።

«ምሳውን እልካለሁ ብለህ የለ? ልወስድለት ነዋ!» ብላ ቁልቁል ወረደች።

ውቤ ብቻውን አጎንብሶ ማጨድ ጀመረ። መዳፉ ውኃ ቋጠረ፤ ፈነዳ። ቀና ብሎ ሲያይ ማሳው ያልተነካ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አጓራና በረዶው ወረደ። ያ የሚያስጎመጅ ጤፍ ዓይኑ እያየ መሬት ላይ ተነጠፈ። ውቤ ማጭዱን እንደያዘ በበረዶው መሃል ቆሞ ቀረ።

ሲያባራ የስንዱ ቤት ገባ። ሁሉም በመሶቡ ዙሪያ ተቀምጠዋል።

«በስብሰሃል» አለ አላምረው።

«አጥፍቻለሁ፣ አላምረው። ይቅር በለኝ።»

አላምረው ብዙ አሰበ። «ምሳ እልካለሁ አልክ። እኔ ብቻዬን ምሳ አልወድም» አለ። ቀጥሎም፣ «ሽባባውን ከደጁ ቆመህ ነው የጠራኸው። እኔንም እንደሱ ጥራኝ» አለ።

ውቤ ወጥቶ ደጅ ቆመ። «አላምረው! ነገ ደቦ አለብኝ፤ እንዳትቀርብኝ!»

አላምረው ተነስቶ ማጭዱን ከግድግዳው አወረደ።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አለ አላምረው።

በማግሥቱ አላምረው መጣ፤ መንደሩም መጣ፤ በረዶው የተወውን አጨዱ። በማሳው ዳር የሚያልፍ አንድ መንገደኛ ግማሹ ጤፍ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ቢያይ ደንግጦ ቆመና፣ «ይህን የመሰለ እህል ሰው ሳይደርስለት ምነው?» ብሎ ጠየቀ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ጀምበሬም የውቤን የቆሰለ መዳፍ አየት አድርገው መለሱለት፦ «ለደቦ ሰው የመረጠ፣ ብቻውን አጨደ።»