ዳንቴል የለበሰው እሳት ማጥፊያ

አንዲት ሴት ነበረች። አስናቀች ትባላለች፤ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ጽዳቷ ለጉድ ነው።

ወጥ ቤቷ ውስጥ አዲስ ቀይ እሳት ማጥፊያ ተሰቀለላት። ቅባት እንዳይነካው፣ ጢስ እንዳያጠቁረው ብላ ነጭ ዳንቴል ሠርታ ከአናቱ እስከ ግርጌው አለበሰችው። ቴሌቪዥኑን እናለብስ የለ? በየቅዳሜው ታጥበዋለች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ያደንቃል።

በየስድስት ወሩ የሚፈትሸው ባለሙያ ይርዳው፣ ዳንቴሉን እንድታወልቅለት ጠየቃት። ገና ቅዳሜ ዕለት አጥባ፣ ተኩሳ ያለበሰችው ነው።

«ወንድሜ፣ እንዲህ የተያዘ የት አይተሃል?» አለችው።

ይሉኝታ ያዘው። በውስጡ ያለውን ግፊት የሚያሳየውን መርፌ ሳያይ የፍተሻ ካርዱ ላይ ፈረመና ዳንቴሉ ላይ አንጠለጠለው። በሩ አጠገብ ያለውን፣ እሳት አፍኖ የሚያጠፋውን የእሳት ብርድ ልብስ ግን ለልምምድ ሁለት ጊዜ ከከረጢቱ አስመዝዞ ባዶ ድስት አስከደናት። ተጨማደደብኝ ብላ አጉረመረመች።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይት ጥዳ ስልክ ልታነሳ ወጣች። ስትመለስ ድስቱ ይነድዳል። ከግድግዳው ወዲያ አሥራ አንድ አረጋውያን አሉ፤ አራቱ ያለ ደጋፊ ከአልጋ አይወርዱም። እሳት ማጥፊያውን አወረደች። የዳንቴሉ ቋጠሮ አልፈታ አለ፤ በጥርሷ በጠሰችው። ቀለበቱን መዘዘች፣ እጀታውን ጨመቀች። እፍ አለና አለቀ። መርፌው ቀዩ ላይ ወድቋል። ግፊቱ መቼ አለቀ? ማን አይቶት?

ያን ጊዜ እጇ ሳታዘው ወደ በሩ ሄደ። ያንን ብርድ ልብስ መዝዛ ድስቱን ከደነች፤ ጋዙን ዘጋች። እሳቱ ታፍኖ ጠፋ። አረጋውያኑ ቁርሳቸው ዘገየባቸው እንጂ ሌላ ነገር አላገኛቸውም።

ይርዳው ሰምቶ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አፍሬሽ ነው የፈረምኩት አላት። እሷ የተበጠሰውን ዳንቴል ይዛ ታለቅሳለች።

«እኔ እኮ ወድጄው ነው የሸፈንኩት» አለችው።

ወገኖቼ፣ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ብላችሁ እንዳትስቁባት። መጽሐፍ ቅዱሱን በሐር ጠቅልሎ ራስጌው ያስቀመጠ እዚህ የለም? መቼ ገለጣችሁት? ሰው ያየናል፣ «እንዴት ያለ አማኝ ነው!» ይላል፣ ይሉኝታ ይዞት ይፈርምልናል። እኛም ፊርማውን አምነን እንኖራለን። ከዚያ ልጅ ይታመማል፣ ትዳር ይናጋል። እንጨምቀዋለን። እፍ ይልና ያልቃል።

አስናቀችን ያዳናት ምንድን ነው? የወደደችው አይደለም። እያጉረመረመችም ቢሆን እጇ የለመደው ነው። እንቅልፍ እየጣላችሁ የምታደርሷትን ያቺን አጭር የማታ ጸሎት አትናቋት። ከጎረቤት ጋር እያቅማማችሁ የምታወርዷትን እርቅም አትናቋት።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ቋጠሮውን ፍቱት። መርፌው የት ላይ ነው? ቤቱ ሳይጨስ እዩት።