የእትዬ ደብሪቱ መስኮት

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉኛ! ከሩቅ አላመጣም፤ ከወይራ አፋፍ ነው የማመጣው። ወይራ አፋፍ ገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ትንሽ ብትሆንም ምንም አልጎደላትም፤ ማዘጋጃ ቤት አላት፣ ግብር ቢሮ አላት፣ ፍርድ ቤት አላት፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ፎቁ ላይ ደግሞ የጥብቅና ቢሮ አላት። ይህ ሁሉ በሞላበት ከተማ እትዬ ደብሪቱ አንዲት መስኮት አጡ።

እትዬ ደብሪቱ ጥልፍ ጠላፊ ናቸው። በወይራ አፋፍ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት የሙሽራ ቀሚስ የለም፤ አለ የሚል ካለ ገና ያላገባ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የክርስትና ልጃቸው ማስተዋል ልትዳር ነው፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እቅፋቸው ውስጥ ያደገች ልጅ በሌላ ሰው ጥልፍ ልትዳር? እትዬ ደብሪቱ በሕይወት እያሉ አይሆንም!

ግን ዓይናቸው ደከመ። ቤታቸውም ጨለማ ነው። አባታቸው አቶ እጅጉ ሲሠሩት ብርድና ሌባ እንጂ ጥልፍ አላሰቡም። አምፖሉ እንደ ልቡ ነው፤ ሲያሰኘው ይበራል፣ ሲያሰኘው ይጠፋል። ደጅ ወጥተው እንዳይሠሩ የገደሉ ነፋስ ክሩን ከነጨርቁ ይዞት ይሄዳል። እትዬ ደብሪቱ ክሩን ምራቅ ያስነኩታል፣ ያሾሉታል፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ መርፌው ይልኩታል። ክሩ በመርፌው ጎን አልፎ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይስቁ ነበር፤ ዘንድሮ ግን አለቀሱ።

እናም ግንበኛውን ሙላትን አስጠሩት።

«ሙላትዬ፣ በምሥራቁ ግድግዳ አንዲት መስኮት ክፈትልኝ።»

ሙላት ግድግዳውን አንኳኳው፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ ራሱን ነቀነቀ። «ግድግዳውስ እሺ ብሏል እትዬ። ማዘጋጃ ቤትም እሺ ይበለኝ። ባለፈው ያለ ፈቃድ የሰው ግንብ ነክቼ መዶሻዬን ወረሱብኝ። ፈቃድ ያምጡና ፀሐይን እጇን ይዤ አስገባልዎታለሁ።»

ሙላት ግድግዳ አይበሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አያስገባ፣ መርፌ ክር አይጎርስ!

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። እዚያማ መስኮት በየዓይነቱ ነው፤ መስኮት አንድ፣ መስኮት ሁለት፣ መስኮት ሦስት። «ይህን ሁሉ ለብቻችሁ!» አሉ ቅናት ይዟቸው። በመስኮት ሁለት የተቀመጠው ጎልማሳ ትሑት ሰው ነበር።

«እማማ፣ ፈቃድ የምንሰጠው ለባለ ካርታው ነው። የቦታው ካርታ በማን ስም ነው?»

«በአባቴ፣ በአቶ እጅጉ።»

«እንግዲያው አባትዎ ይምጡ።»

«አባቴማ ማርያም ደጅ ከተኙ ቆዩ፤ ብጠራቸውም አይመጡ።»

«ነፍስ ይማር። ካርታው ወደ እርስዎ ስም ይዙራ። ለዚያ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ ያምጡ፤ ቤቱ የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት ነው።»

ካርታ ስም አይለውጥ፣ ማዘጋጃ ፈቃድ አይሰጥ፣ ሙላት ግድግዳ አይበሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አያስገባ፣ መርፌ ክር አይጎርስ!

ወደ ግብር ቢሮ ሲሄዱ ግን እትዬ ደብሪቱ ደረታቸውን ነፍተው ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር አንድም ዓመት አጓድለው አያውቁም! የግብር ቢሮ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየች፣ እትዬ ደብሪቱን አየች፣ መልሳ ኮምፒውተሩን አየች።

«አቶ እጅጉ ዕዳ የለባቸውም።»

«እሰይ!»

«ክሊራንሱን ግን ራሳቸው መጥተው ነው የሚወስዱት።»

«ሞተዋል እኮ ልጄ!»

«አምናም ከፍለዋል እኮ እማማ።»

«እኔ ነኛ የከፈልኩላቸው!»

«ታዲያ ለምን መሞታቸውን አላስመዘገቡም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ደብሪቱ አባታቸው ካረፉ ወዲህ በየሐምሌው ግብሩን ይዘው ይሄዱና ወረፋ ይጠብቃሉ። ተረኛው ገንዘብ ተቀባይ «እጅጉ ተሰማ!» ብሎ ይጣራል። እሳቸው «አቤት!» ይላሉ። በዓመት አንድ ቀን የአባታቸው ስም ሰው በተሰበሰበበት ከፍ ብሎ ይጠራል። ይህን ማን ይተዋል? ስለዚህ ግብር ቢሮው እስከሚያውቀው ድረስ አቶ እጅጉ ከነሙሉ ጤንነታቸው አሉ። አዲሱ የንብረት ግብር ሲመጣ እንኳ ማስታወቂያው የተጻፈው «ለክቡር አቶ እጅጉ» ተብሎ ነው።

«ፍርድ ቤት አባትዎ ሞተዋል፣ ወራሻቸውም እርስዎ ነዎት ይበልና ያምጡልኝ» አለች ሠራተኛዋ።

ግብር ቢሮ ክሊራንስ አይሰጥ፣ ካርታ ስም አይለውጥ፣ ማዘጋጃ ፈቃድ አይሰጥ፣ ሙላት ግድግዳ አይበሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አያስገባ፣ መርፌ ክር አይጎርስ!

እትዬ ደብሪቱ ጉልበታቸውን እየያዙ የመድኃኒት ቤቱን ደረጃ ወጡ። ከላይ በሩ ላይ «የውርስ፣ የቦታና የግብር ጉዳይ እናማክራለን» ይላል። ጠበቃ ውብዓለም ሳቋ ታች መድኃኒት ገዢዎች ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ነገራቸውን ሳታቋርጥ ሰማች።

«ይሄማ የየዕለት ሥራችን ነው እትዬ። ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ። እርስዎ ዳኛው ፊት ቆመው አባቴ ሞተዋል ማለት ብቻ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ የነጠላቸውን ጫፍ ማፍተልተል ጀመሩ። «እኔው በአፌ? እኔው ላስፍቃቸው? ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራቸዋል?»

ጠበቃ ውብዓለም አሁን አልሳቀችም። «ሙሉ ስምዎ ማን ነው?»

«ደብሪቱ እጅጉ።»

«ካርታው ላይም እንደዚያው ነው የሚጻፈው። እርስዎ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ። ሲጠሩዎት አብረው ይጠራሉ፤ የትም አይሄዱ።»

እትዬ ደብሪቱ ስማቸውን አዲስ እንደሰሙት ሁሉ ደጋግመው አሉት። ልባቸው ቀለል አላቸው።

«ምስክር ደግሞ ያስፈልገናል» አለች ጠበቃዋ። «አንዱ የእድራችሁ ዳኛ ይሁኑ። ሁለተኛው ድንበርተኛዎ ቢሆን ይሻላል፤ ለካርታውም የሚጠየቀው እሱ ነው። በድንበርዎ ማን አለ?»

«በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ገደል፣ በምዕራብ ማርያም፣ በምሥራቅ ፈንታሁን።»

«ገደሉ አይመሰክርልንም። ፈንታሁን ነዋ!»

ፈንታሁን አጥሩን ሲጠግን አገኙት። ጥያቄያቸውን ሰምቶ አንገቱን አከከ። «አባባ እጅጉ መሞታቸውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ተሸክሜ ቀብሬያቸው የለም ወይ? ግን እትዬ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ ራቴን መብላት አለብኝ። ስመኝ አኩርፋብዎታለች። እሷን ሳያስታርቁ መሰከርኩ ማለት ከቤቴ ወጣሁ ማለት ነው።»

ፈንታሁን አይመሰክር፣ ፍርድ ቤት አይወስን፣ ግብር ቢሮ ክሊራንስ አይሰጥ፣ ካርታ ስም አይለውጥ፣ ማዘጋጃ ፈቃድ አይሰጥ፣ ሙላት ግድግዳ አይበሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አያስገባ፣ መርፌ ክር አይጎርስ!

የፈንታሁን ሚስት ስመኝ አራስ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ይግቡም አላለች፣ ይሂዱም አላለች።

«የልጄን የክርስትና ቀሚስ መስቀል ይጥለፉልኝ ብዬ ጨርቅ ብልክልዎ፣ ያለ አንዲት ቃል መለሱልኝ። ለሌላው ሁሉ ይጠልፋሉ። የእኔ ልጅ ምን ጎደላት? መስቀሏ ተጠልፎ ካላየሁ አልታረቅም!»

እውነቱን ቢነግሯት ባንድ ቃል ያልቅ ነበር። ግን የትኛዋ ጠላፊ ናት ዓይኔ አላይ አለኝ ብላ በአፏ የምትናገር? ይህን የሰማ ሙሽራ ዳግም ደጃቸውን አይረግጥም። እትዬ ደብሪቱ ፊታቸውን አዙረው በቀጥታ ወደ ጥብቅና ቢሮው ደረጃ ተመለሱ። ሳይቀመጡ፣ ውሃም ሳይጠጡ ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረዱት።

«ስመኝ አትታረቅ፣ ፈንታሁን አይመሰክር፣ ፍርድ ቤት አይወስን፣ ግብር ቢሮ ክሊራንስ አይሰጥ፣ ካርታ ስም አይለውጥ፣ ማዘጋጃ ፈቃድ አይሰጥ፣ ሙላት ግድግዳ አይበሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አያስገባ፣ መርፌ ክር አይጎርስ! መርፌ ክር ካልጎረሰ መስቀል አይጠለፍ፣ መስቀል ካልተጠለፈ ስመኝ አትታረቅ! ዞሬ ዞሬ እዚያው! በይ እንግዲህ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ከየት ልጀምር?»

ጠበቃ ውብዓለም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከታች መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንድ ታማሚ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

«እትዬ፣ መጥሪያ አስወጥቼ ፈንታሁንን ፍርድ ቤት ማስቀረብ እችላለሁ። ሕጉ ይፈቅድልኛል። ግን ከዚያ በኋላ መስኮትዎ የሚከፈተው በማን ግቢ ላይ ነው?»

«በፈንታሁን።»

«በተጣሉት ሰው ግቢ ላይ መስኮት ከፍተው ምን ሊያዩ ነው? ልጠይቅዎ፤ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፈው የት ነው?»

«ስመኝ በረንዳ ላይ ነዋ። ነፋስ እንኳ አይነካው።»

«ፀሐይ እኮ እትዬ ካርታ የላትም። ክሊራንስም አትጠይቅ።»

እትዬ ደብሪቱ ገባቸው። የገባቸው ነገር ግን ከማዘጋጃው ወረፋም ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮም ይከብድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የጥልፍ ሙዳያቸውን ይዘው የስመኝን በር አንኳኩ። ስመኝ ከፈተች።

«ስመኝ ልጄ፣ ጨርቅሽን የመለስኩት ንቄሽ አይደለም። ዓይኔ ደክሞ ነው። ቤቴ ጨለማ ነው፤ መርፌዬ ክር አልጎርስ አለኝ። ይህን መናገር አፈርኩ። በረንዳሽን አውሺኝና የልጅሽን መስቀል ልጥለፍ።»

ስመኝ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል ቀን?»

«አዎ። ከባድ ነው።»

ስመኝ ሕፃኗን እትዬ ደብሪቱ ጭን ላይ አስቀመጠች። መርፌውን ተቀበለች፣ ክሩን ተቀበለች፣ ወደ ፀሐይ ዞረች።

መርፌ ክር ጎረሰ!

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? ክር መስቀል ጠለፈ፤ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ፣ ወሬ ለወሬ እየተቀባበሉ። መስቀል ስመኝን አስታረቀ። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ የሰው ዓይን ሁሉ ቀሚሷ ላይ ቀረ። ስመኝ ፈንታሁንን «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጎለታለህ!» ብላ ገፋችው። ፈንታሁን መሰከረ። ዳኛው «አቶ እጅጉ መሞታቸውን በምን ያውቃሉ?» ቢሉት «ትከሻዬ ያውቃል ክቡር ፍርድ ቤት፤ ከባድ ሰው ነበሩ» ብሎ ችሎቱን አሳቀ። ፍርድ ቤት ወሰነ። ግብር ቢሮ ክሊራንስ ሰጠ። ካርታ ስም ለወጠ።

ካርታው የተሰጠ ዕለት በመስኮት ሁለት ያለው ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

«ደብሪቱ እጅጉ!»

ወረፋው ሙሉ ሰው ነበር። ሁሉም ሰማ። እትዬ ደብሪቱ ብድግ አሉ።

«አለን!» አሉ።

ማዘጋጃ ፈቃድ ሰጠ፣ ሙላት ግድግዳ በሳ፣ ግድግዳ ብርሃን አስገባ! በመስኮቱ ግን መጀመሪያ የገባው ብርሃን አይደለም። ሙላት ገና ፍርስራሹን ሳይጠርግ፣ ስመኝ በወዲያ በኩል መጥታ ሕፃኗን በመስኮቱ አቀበለቻቸው። «እትዬ፣ ጉድ ጉድ ልበል፤ ይያዙልኝ!» ብርሃኑ ከኋላዋ ተከትሎ ገባ፤ ጥቁሩ ግድግዳ፣ አሮጌው አልጋ፣ የአቶ እጅጉ የተሰቀለ ባርኔጣ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታዩ። እትዬ ደብሪቱ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አስተኝተው የማስተዋልን ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ክሩን ምራቅ አስነኩ፣ አሾሉ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ላኩት። ገባ!

ማስተዋል በጥር ተዳረች። ቀሚሷን ያየ ሁሉ ማን ጠለፈው ብሎ አልጠየቀም፤ ያውቃላ። ስመኝ ግን ዘፈኑ ጋብ ባለ ቁጥር «ነገሩ ሁሉ በእኔ በረንዳ ነው የተጀመረው!» ትል ነበር።

እኔም ተረቴን ሰጠሁ፤ እናንተም መልሱልኝ። በሩ ከተዘጋ በመስኮት አቀብሉኝ።